የመጥለቂያ ዕቃ ከሱቅ ወይስ ከኢንተርኔት? ባሕር ዳር ላይ ገዝቼ የተማርኩት

ጣና ላይ ጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ወይም የእምቦጭ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ፣ ማዕበሉ ጀልባውን እያንገላታ፣ ተሳፋሪው በፍርሃት ዝም ሲል አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ ያንን መፍታት አለበት። የእኔ ሥራ ይህ ነው። መረብ እፈታለሁ፣ የሰመጠ መልሕቅ አወጣለሁ፣ የጀልባ ሆድ ከሥር ገብቼ አያለሁ። አንዳንድ ጊዜም ከጀልባ ተፈትቶ የወደቀ ሞተር ፍለጋ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ እጠራለሁ።

መጥለቅን የተማርኩት ጅቡቲ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡ እንግዶችን በምታመላልስ ጀልባ ላይ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ፈቃድ የሚያሰጠውን ትምህርት እዚያው ወሰድኩ። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ሙያው ነበረኝ፤ ዕቃው ግን አልነበረኝም። እዚያ የለበስኩትና የተነፈስኩበት ሁሉ የአሠሪዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከከተማችን ሱቆች፣ ከመርካቶ፣ ዱባይ ባለችው የአክስቴ ልጅ በኩል ከኢንተርኔት፣ እንዲሁም ከጅቡቲ ገዝቻለሁ። አሁን በሐይቁ ላይ መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች እየመጡ «ከየት እንግዛ?» ይሉኛል። ለአንዱ የነገርኩት ለሌላው ስለማይደርስ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድኩ።

የመጀመሪያው ግዢዬ መነጽር ነበር። ከአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ገብቼ የመጥለቂያ መነጽር እንዳለ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ደስ ብሎት ሁለት ዓይን ብቻ የሚሸፍን የመዋኛ መነጽር አወጣልኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው አፍንጫንም የሚሸፍነውን ነው» አልኩት።

«ይኸኛውም እኮ ውኃ አያስገባም፤ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ማንም ሰው ሳያውቀው እንዳይገዛ እፈልጋለሁ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውኃው ግፊት ይጨምርና በመነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል። አፍንጫ ከውስጥ ከሆነ ትንሽ አየር በአፍንጫችን ተንፍሰን የጎደለውን እንሞላለን። በመዋኛ መነጽር ግን የሚሞላበት መንገድ የለም፤ መነጽሩ ዓይንን ወደ ውጭ እየሳበ ትንንሽ የደም ሥሮችን ይበጥሳል። ለዚህ አሥር ሜትር መውረድ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር ይበቃል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጓደኛዬ በእንዲህ ዓይነት መነጽር መረቡን ሊፈታ ገብቶ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሲወጣ አይቻለሁ።

ስለዚህ ወደ ኢንተርኔት ዞርኩ። በሥዕሉ ላይ ያማረ፣ መስታወቱ እንደ ፀሐይ መነጽር የሚያብረቀርቅ አንድ መርጬ አዘዝኩ። ሥዕሉ የተነሣው ጥርት ባለ ሰማያዊ ባሕር ውስጥ ነበር። የጣና ውኃ እንደዚያ አይደለም። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በክረምት የደጋውን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል፤ ነሐሴ ላይ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን የማላይበት ቀን አለ። የሚያብረቀርቀው መስታወት ደግሞ ሥራው ብርሃን መመለስ ነው፤ ያለችኝን ጥቂት ብርሃን ወሰደብኝ። በዚያ ላይ ጉንጬ ላይ አልገጠመም፤ በየደቂቃው ውኃ ያስገባ ነበር። ልመልሰው ብል የመላኪያው ሒሳብ ከመነጽሩ ዋጋ በለጠ።

መነጽር ፊት ላይ ተለክቶ የሚገዛ ዕቃ ነው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ፊታችሁ ላይ አስጠጉት፤ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ እስከቆያችሁ ድረስ ካልወደቀ ለፊታችሁ የተሠራ ነው። ከወደቀ ወይም በጎን አየር ካስገባ የፈለገውን ያህል ቢያምር ተዉት። ጠርዙ ሲሊኮን ይሁን፤ ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ ተጣጥፎ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ የፕላስቲክ ሽታ የለውም። መስታወቱ ላይ ደግሞ «ቴምፐርድ» የሚል ቃል ተቀርጾ ፈልጉ፤ ቢሰበር እንደ ተራ መስታወት ስለት ሆኖ ወደ ዓይን አይገባም። ይህን ሁሉ አሟልቶ ያገኘሁት ሦስተኛው መነጽር ነው፤ የተገዛውም መርካቶ ውስጥ ስድስት ዓይነት ፊቴ ላይ ከሞከርኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደዚያው የባሕር ዳር መደብር ተመለስኩ። በባለሱቁ አልተቀየምኩም፤ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው ያላወቀው። መነጽሬን አሳየሁት፣ የአሞካከሩን መንገድ ነገርኩት። «የሚገዛኝ ካለ አመጣለሁ» አለ። አምስት ሆነን ግማሽ ቀብድ ከፈልን፤ እርሱም ከአዲስ አበባ ሦስት ዓይነት ቅርጽ ያላቸው መነጽሮች አስመጣ። በአገር ውስጥ ሱቅ ዕቃ የለም ብሎ ከመተው በፊት ይህን መንገድ መሞከር ይገባል። ባለሱቅ ገንዘቡን በማይሸጥ ዕቃ ላይ ማሰር ይፈራል፤ ቀብድ የያዘ ገዢ ሲመጣለት ግን ለመማርም ለማምጣትም ፈቃደኛ ነው።

የእግር ክንፉንና የጎማ ልብሱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሁለቱንም ከኢንተርኔት ገዝቼ በልብሱ ተደስቻለሁ፤ በክንፉ ተጎድቻለሁ። ቁጥሬ 42 ስለሆነ 42 አዘዝኩ፤ ከሥሩ የጎማ ካልሲ እንደሚለበስ አላሰብኩም፤ እግሬ አልገባ አለ። አሁን እግሬን ወረቀት ላይ አስምሬ በሴንቲሜትር ለክቼ፣ ካልሲውን ጨምሬ ነው ከሻጩ ሰንጠረዥ ጋር የማስተያየው። ልብሱ ባለ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ጣና ቀዝቃዛ ባይሆንም አንድ ሰዓት ውስጡ የቆየ ሰው ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ ጎረቤቴ ያሉት ጫማ ሠሪ በማስቲሽ አጣብቀውልኛል፤ እስካሁን ይዟል። ልብሱ ግን ከቢልሃርዚያ ሙሉ በሙሉ እንደማይከልል እወቁ። በደንገሉ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚሠራ ሁሉ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ከሩቅ ፈጽሞ መታዘዝ የሌለበት ዕቃ ደግሞ አለ። የወገብ እርሳስ ከኢንተርኔት ማዘዝ ለክብደት የአየር ጭነት መክፈል ነው። እኔ አንድ ብረት ሠራተኛ ጋር ሄጄ ከአሮጌ እርሳስ በኪሎ በኪሎ አስቀለጥኩ፤ በእህል ሚዛን መዘንኩትና ቀለም ቀባሁት። የእርሳስ ጭስ መርዝ ስለሆነ ማቅለጡ በአውራ ጎዳና ዳር ወይም በቤት ውስጥ ሳይሆን ሰው በሌለበት ሜዳ ይሁን። ስትመዝኑ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ጨው ያለበት ውኃ ሰውን ይበልጥ ያንሳፍፋል፣ ጣና ደግሞ ጨው የለውም። ጅቡቲ 8 ኪሎ እታጠቅ ነበር፤ እዚህ 6 ይበቃኛል። በኢንተርኔት የምታነቡት የክብደት ምክር አብዛኛው ለባሕር ሰዎች የተጻፈ ስለሆነ እንዳለ ከወሰዳችሁት እንደ ድንጋይ ትሰምጣላችሁ።

መቀስም እንዲሁ። በፊልም የምናየው ትልቅ ቢላዋ ለጣና መረብ አይሆንም፤ ክሩ ይለጠጣል እንጂ አይቆረጥም። ከቅዳሜ ገበያ የተገዙ ሁለት ጠንካራ መቀሶች አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አንጠልጥዬ ነው የምገባው፤ አንዱ እጄ በመረብ ቢያዝ ሌላው እንዲደርስልኝ። ሕይወቴን ሁለት ጊዜ ያተረፉልኝ እነዚህ መቀሶች ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ዋጋ የዕቃው ዋጋ አይደለም። ዕቃው በንግድ መልክ ሲገባ ጉምሩክ የሚያሰላው የግዢው፣ የማጓጓዣውና የመድኅኑ ወጪ ተደምሮ ነው፤ በዚያ ላይ ቀረጡ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣሉ። ምንዛሪውም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዕቃውን ባዘዝኩበት ቀንና ለአክስቴ ልጅ ገንዘቡን በመለስኩበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ብቻ አንድ መነጽር የሚገዛበት ጊዜ ነበር። በመንገደኛ ሻንጣ ማስመጣትም የራሱ ጣጣ አለው። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም፤ ይህን ሳንነግራት የላክናት መንገደኛ የመብራቴን ባትሪ አውሮፕላን ማረፊያ ጥላው መጥታለች። ሰው ስናስቸግር ቢያንስ ደንቡን አስቀድመን ልንነግረው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የተጎዳሁት ግን በሬጉሌተር ነው። ሬጉሌተር ማለት በሲሊንደር ውስጥ በ200 ባር ታምቆ ያለውን አየር ሰው ሊተነፍሰው ወደሚችለው ግፊት የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ከአንድ የማይታወቅ የኢንተርኔት ሻጭ፣ ጅቡቲ ካየሁት ዋጋ በግማሽ ገዛሁ። ሲመጣ ማሰሪያው ዮክ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ የእኔ ሲሊንደር አፍ ደግሞ ዲን የሚባለው፣ በጥርስ የሚጠመዘዘው ነው። ሁለቱ አይጋጠሙም። መጋጠሚያ እስኪመጣልኝ ሁለት ወር ዕቃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከመግዛታችሁ በፊት የሲሊንደራችሁን አፍ ፎቶ አንሡና ከሬጉሌተሩ ጋር አስተያዩ። የሲሊንደሩ ትከሻ ላይ የተመታውን የፍተሻ ቀንም እዩ፤ በብዙ አገሮች በየ5 ዓመቱ በግፊት ይፈተሻል። ቀኑ ያለፈበት ርካሽ ሲሊንደር ከመግዛት ባዶ እጅ መቅረት ይሻላል።

ሬጉሌተሩ አንድ ዓመት አገለገለኝ። ከዚያ ሳልተነፍስ አየር ማፍሰስ ጀመረ። ለሻጩ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ለአምራቹ ጻፍኩ፤ ዋስትናው የሚሠራው እኛ ከፈቀድንለት ሻጭ ለተገዛ ብቻ ነው የሚል መልስ መጣ። በሹፌር እጅ ጅቡቲ ለማውቀው ቴክኒሻን ላክሁት። «የዚህን መለዋወጫ እኔ አልይዝም፤ ለሠለጠነበት ባለሙያ እንጂ ለሌላ አይሸጡትም» ብሎ መለሰልኝ። በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ዕቃ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ስገዛ ጥያቄዬን ገልብጬ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ቴክኒሻኑን «አንተ የምትጠግነው የትኛውን ነው?» አልኩት። የነገረኝን ገዛሁ፣ ሙሉ ዋጋ ከፈልኩ። በየዓመቱ ፈትቶ ጎማዎቹን ይቀይራል፤ ቀኑን በወረቀት ጽፎ ፈርሞ ይልክልኛል። ለአተነፋፈስ መሣሪያ ሱቁ ቅርብ ነው ሩቅ ነው የሚለውን አሁን አላስብም፤ የሚጠግነው ሰው በስሙ የሚጠራ መሆኑን ነው የማየው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ሲሊንደር የገዛ ሰው አየር የሚሞላበት ቦታ ያስፈልገዋል። ልጆቹ «በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ቱቦ ቀጥለን እንተንፍስ» ይላሉ፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የብየዳ ኦክሲጅን እንድሞላ ተመክሬያለሁ። ሁለቱም ይገድላሉ። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር የዘይት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውየው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ንጹሕ ኦክሲጅን ደግሞ ከ6 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ለአንጎል መርዝ ይሆንና ሰውን እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ውኃ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ሰው አይመለስም። ዘይት የነካው ቦታ ከገባም ይፈነዳል። እኛ ሦስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ለመተንፈሻ አየር የተሠራ አነስተኛ ኮምፕሬሰር በጉምሩክ አስተላላፊ በኩል ከጅቡቲ አስገባን። እስከዚያ ድረስ ሥራዬ ሁሉ በመነጽርና በራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ብዙው የፕሮፔለር ሥራ ለዚያ ይበቃል። የባሕር ዳር አየር ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ አንድ ሲሊንደር ለመሙላት ጅቡቲ ከሚፈጅበት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ኢንተርኔት የሚመሰገንበት ቦታም እዚሁ ላይ ነው። የኮምፕሬሰሩ ማጣሪያ በሠራበት ሰዓት ልክ ይቀየራል። የዕቃው ቁጥር ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ መለካትም መሞከርም አያስፈልገውም። ቁጥሩን ጽፌ አዝዛለሁ፤ የመጣው ሁልጊዜ ትክክለኛው ነው። የአፍ መያዣ ጎማ፣ የመነጽር ማሰሪያና ክብ የጎማ ቀለበትም እንደዚያው ናቸው። ለእነዚህ ከሱቅ ሱቅ መዞር ድካም ብቻ ነው።

የእጅ ሰዓት የሚመስለውን፣ ከምንተነፍሰው አየር ወደ ሰውነታችን የሚገባውን ናይትሮጂን እያሰላ ምን ያህል መቆየት እንደምንችል የሚነግረውን የመጥለቂያ ኮምፒውተር ስትገዙ ግን ሱቁም ኢንተርኔቱም የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከጣና ወለል 14 ሜትር የወረደ ሰው፣ የሐይቁ ጥልቀት ከዚያ ብዙም አይበልጥም፣ ናይትሮጂንን በተመለከተ ባሕር ውስጥ 17 ሜትር እንደወረደ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ከፍታውን ራሱ ይለካል፤ አንዳንዱን እኛ እናስተካክለዋለን፤ ያልተስተካከለው ደኅና ነህ እያለ ያታልላል። የእያንዳንዱ መመሪያ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ከመክፈላችሁ በፊት አውርዱና ስለ ከፍታ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ጠልቃችሁ ወደ ከፍታ ስትወጡም፣ ግፊቱ ሲቀንስ ናይትሮጂኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆናቸውን አስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ 12፣ ደጋግመው ከጠለቁ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩም። እኔ በመኪና ወደ ደጋ ስወጣም ይህንኑ እጠብቃለሁ።

ጀልባ ላላችሁ ደግሞ ስለ ላይፍ ጃኬት ልናገር፤ ከጠላቂ ዕቃ ይልቅ ብዙ ሕይወት የሚይዘው እርሱ ነው። በየሱቁ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሁሉ ላይፍ ጃኬት ተብሎ ይሸጣል። ከውስጥ የተሰፋውን ምልክት ገልብጣችሁ አንብቡ። አይ.ኤስ.ኦ. 12402 የሚል ደረጃና የማንሳፈፍ ኃይሉ በኒውተን ተጽፎ ታገኛላችሁ። 50 የሚለው መዋኘት ለሚችልና እርዳታ ቅርብ ለሆነለት ብቻ ነው። መዋኘት የማይችል ምእመን ይዞ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለሚሄድ ጀልባ ቢያንስ 100 ይፈልጋል፤ ከ100 ጀምሮ ያለው የሰውን ፊት ወደ ላይ እንዲያዞር ተደርጎ የተሠራ ነው። ምልክት የሌለውን አትግዙ። እኔ ከአንድ ሱቅ ስገዛ ባለሱቁን አስፈቅጄ አንዱን ብቻ ወስጄ ሌሊቱን በውኃ በርሜል ውስጥ ድንጋይ ጭኜ አሳደርኩት። ጠዋት ስፖንጁ ውኃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። መለስኩለት፤ ተቀበለኝ፤ ገንዘቤንም ሰጠኝ። ከሩቅ ሻጭ ጋር እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ላይፍ ጃኬቶቹን በመጨረሻ ከሌላ የከተማችን ሱቅ፣ ምልክታቸውን አንብቤና አንዱን በርሜል ውስጥ አሳድሬ ነው የገዛሁት። ለልጆች የሚሆነው ግን እዚህ ስላልነበረ በክብደታቸው መርጬ ከኢንተርኔት አስመጣሁ።

ያ ቀብድ የከፈልንለት የስፖርት ዕቃ መደብር ያስመጣቸው መነጽሮች አሁን አልቀዋል፤ ባለሱቁ ለሁለተኛ ዙር ሰው እየመዘገበ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ቅርጽ ፊታችሁን እንደሚይዝ ማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ሦስቱም ዓይነት እኔ ጋር አሉ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ወደቡ ላይ ነኝ፤ ጢም ያላችሁ ተላጭታችሁ ኑ፤ መነጽር ጢም ላይ አይዝም።